ስለ ሞተር ውሃ ቱቦ መጋጠሚያዎች፤ ፕላስቲኩን በብረት ስለ መለወጥ

ከደሴ ወደ አቀስታ፤ ወደ መካነ ሰላምና ወደ ከላላ ዕቃ የሚያስጭን ነጋዴ ሁሉ፤ ዳገት ላይ ኮፈኑን ከፍቶ እንፋሎት የሚተፋ መኪና ሳያጋጥመው አይቀርም። ሾፌሩም ሆነ ባለንብረቱ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ራዲያተሩን፤ ቀጥሎም የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ነው። ነገር ግን ቀርቦ የመረመረ መካኒክ አንዳንድ ጊዜ የሚያገኘው ጥፋት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ ይኸውም ሁለት የጎማ ቱቦዎችን የሚያገናኝ፤ ከአውራ ጣት የማይበልጥ የፕላስቲክ ቁራጭ ተሰንጥቆ መገኘቱ ነው። ስለዚህች ቁራጭ ለመለዋወጫ አስመጪዎችና ለባለሱቆች ጥቂት ማስረዳት ጠቃሚ መስሎ ታይቶናል።

የሞተር ማቀዝቀዣ ውሃ በፖምፓ ኃይል ከሞተሩ ወደ ራዲያተር፤ ከራዲያተርም ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይዞራል። ከዚህ ዋና መንገድ ሌላ፤ ለተሳፋሪው ሙቀት ወደሚሰጠው ማሞቂያ የሚሄድ ቀጭን ቅርንጫፍ አለ። ቱቦው በሚታጠፍበት ቦታ ጎሚቶ፤ በሚከፈልበትም ቦታ ቲ ይገባል። አገራችን በፊያት 682 ኤን 3 ካሚዮን ትገለገል በነበረበት ዘመን ይህን የመሰለው ዕቃ ሁሉ ከመዳብ፤ ከነሐስና ከብረት ይሠራ ነበር። በኋላ ግን ፋብሪካዎች የብርጭቆ ጭረት የተቀላቀለበትን ናይለን መርጠዋል። ምርጫቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፕላስቲክ ክብደቱ ቀላል ነው፤ አይዝግም፤ ጠማማውንም ቅርጽ ሁሉ በርካሽ ለማውጣት ይቻላል። መኪናው አዲስ ሳለ ያለ እንከን ያገለግላል። ጣጣው የሚመጣው በሁለተኛውና በሦስተኛው ባለቤት ላይ ሲሆን፤ በአገራችን ደግሞ ብዙው ገዢ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ባለቤት ነው።

ናይለን በፈላ ውሃና በኩላንት ውስጥ ለብዙ ዓመት ሲኖር ፈሳሹ ቀስ በቀስ ወደ ውስጡ እየዘለቀ ጥንካሬውን ያሳጣዋል፤ በውጭ በኩልም የሞተሩ ሙቀት ያደርቀዋል፤ በመጨረሻም እንደ ደረቅ ብስኩት ተሰባሪ ይሆናል። ክፉ ጠባዩ ምልክት አለመስጠቱ ነው። የጎማ ቱቦ አብጦ ወይም ልሞ ያስጠነቅቃል፤ ፕላስቲኩ ግን ደህና መስሎ ቆይቶ ባንድ ጊዜ ይሰበራል። ከ1998 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. የተሠራው ላንድክሩዘር 100፤ የኋላ ማሞቂያ ያለው ዓይነት፤ ከሞተሩ በስተኋላ በኩል እንዲህ ያሉ የፕላስቲክ ቲዎች አሉት፤ ሲያረጁም መካኒኩ ቱቦውን ገና ነካ ሲያደርገው እጁ ላይ ይሰበራሉ። የጄኔራል ሞተርስ 3800 የተባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተርም በሁለት የፕላስቲክ ጎሚቶዎቹ የታወቀ ስለሆነ፤ በአሜሪካ የመለዋወጫ ነጋዴዎች በአሉሚኒየም አሠርተው መሸጥ ከጀመሩ ቆይተዋል።

የእኛ የደጋ አገር ነገሩን ያብሰዋል። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፤ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በመካነ ሰላም ግን በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቴርሞስታት የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነውና፤ በሞተሩ የደህና ጊዜ ሙቀትና በመፍላቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ይህን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ክዳኑ ውሃውን በግፊት አፍኖ ስለሚይዘው፤ በዚያው በመካነ ሰላም ላይ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። እንግዲህ መጋጠሚያው የፀጉር ያህል እንኳ ሲሰነጠቅ አስቀድሞ የሚያመልጠው ውሃው ሳይሆን ግፊቱ ነው። ውሃው ገና ሳይጎድል መፍላት ይጀምራል፤ ሾፌሩም «ውሃ እኮ ሞልቶታል» እያለ መንገዱን ይቀጥላል። ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ በቆላው ሙቀት በዝቅተኛ ማርሽ መልሶ ለሚወጣ መኪና ይህ ዓይነቱ ስሕተት ቴስታታውን ለማጣመም ይበቃል። በምሠራበት የንግድ ቤት የጋራዥ ደረሰኞችን ስመዘግብ እንደማስተውለው፤ ገንዘቡ የሚጠፋው ለቁራጯ አይደለም፤ ለጎታች መኪና፤ ለቴስታታ ማስተካከያና በመንገድ ዳር ለሚያድረው ጭነት ዘበኛ ነው እንጂ።

ነገሩን ለነጋዴ ይበልጥ አሳሳቢ ያደረጉት ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ገልጸዋል። በዚያው ዓመት ከሐምሌ 22 ቀን ጀምሮም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። ስለዚህ በእጃችን ያሉት የቤንዚንና የናፍጣ መኪናዎች ፋብሪካው ካሰበላቸው ዕድሜ በላይ መሥራታቸው የማይቀር ነው።

እንግዲህ መጋጠሚያውን በብረት መለወጥ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን «ብረት ነው» መባሉ ብቻ አይበቃም። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ስሕተት ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ዚንክ የተለበጠ የቤት ውሃ ቧንቧ መጋጠሚያ ገዝቶ ማስገባት ነው። ዚንኩ ከኩላንት ጋር ተዋሕዶ ዝቃጭ ይፈጥራል፤ ዝቃጩም የራዲያተሩን ቀጫጭን መንገዶች ይደፍናል፤ ከሥሩ ያለው ብረትም ይዝጋል። ጥርስ የወጣለት ጫፉ ደግሞ ጎማውን ከውስጥ ይበላዋል። አሉሚኒየም ከዚህ ይሻላል፤ ሆኖም ባገራችን ልማድ ንጹሕ ኩላንት ቀርቶ የምንጭ ውሃ ብቻ በሚሞላበት መኪና ውስጥ እየተበሳሳ ያልቃል። ለዚህ ጉዳይ የተመረጡት ነሐስ መሰሉ ቢጫ ብራስና የማይዝግ ብረት ናቸው። ብራስ በቶርኖ በቀላሉ ስለሚቆረጥ፤ ጥሩ ባለሙያ ያለበት የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ናሙናውን አይቶ ሊሠራው ይችላል፤ ይህም ምንዛሪ ለሚቸግረው ነጋዴ ቀላል ነገር አይደለም። ቴስታታው አሉሚኒየም ቢሆንም እንኳ ጎማው በመካከል ስለሚለያቸው ሁለቱ ብረቶች በቀጥታ አይነካኩም፤ ብቻ ዝገት መከላከያ ያለው ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ተደባልቆ መሞላት አለበት። በውርጭ ሌሊት በለጋምቦ ደጋ ለሚያድር መኪና ይኸው ድብልቅ ውሃው እንዳይረጋም ይጠብቃል።

ቅርጹም እንደ ብረቱ ዓይነት ይታያል። የመጋጠሚያው ጫፍ ዙሪያውን ከፍ ያለ ቀለበት ሊኖረው ይገባል፤ ፋሼታው ከቀለበቱ በስተኋላ ሲጠብቅ ጎማው በግፊት አይንሸራተትም። ልሙጥ ሆኖ የተቆረጠ ቱቦ ግን የቱንም ያህል ቢታሰር አንድ ቀን ይወጣል። የማሞቂያ ቱቦዎች በብዛት 16 እና 19 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት አላቸው፤ የመጋጠሚያው የውጭ ስፋት ከዚህ ጋር መመሳሰል አለበት፤ ውስጡም ከቀድሞው መጥበብ የለበትም። ጎማው አርጅቶ ከሆነ አብሮ ይለወጣል፤ ፋሼታውንም ከመጠን በላይ ማጥበቅ ጎማውን ይቆርጠዋል። ከዚህ ሌላ በአንዳንድ የአውሮፓ መኪናዎች መጋጠሚያው በፋሼታ የሚታሰር ሳይሆን በቅንጥብና በጎማ ቀለበት ጠቅ ብሎ የሚገባ ነው፤ ለነዚህ ለራሳቸው የተሠራ ካልሆነ በቀር ሌላ ብረት አይገጥምም።

የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽና የፕላስቲክ መጋጠሚያ አላቸው። በአንዳንዶቹ የሚሞላው ፈሳሽ ኤሌክትሪክ በጣም ጥቂት ብቻ የሚያስተላልፍ ልዩ ዓይነት ስለሆነ፤ እዚያ ውስጥ በግምት ብረት ማስገባት አይፈቀድም፤ የፋብሪካውን ዕቃ መጠበቅ ግድ ነው።

አስመጪዎች በዲክላራሲዮን ላይ እንዳይቸገሩ አንድ ነገር እንጨምር። የጉምሩክ ታሪፋችን የተመሠረተበት ዓለም አቀፍ የዕቃዎች አመዳደብ፤ ለማንኛውም ቱቦ የሚሆኑ የብረታ ብረት መጋጠሚያዎችን ለመኪና ቢገቡም እንኳ በመኪና መለዋወጫ አንቀጽ በ87.08 አያስገባቸውም፤ በተሠሩበት ነገር ይመድባቸዋል እንጂ። ከብረትና ከማይዝግ ብረት የተሠሩት በ73.07፤ ከመዳብና ከብራስ የተሠሩት በ74.12፤ ከአሉሚኒየም የተሠሩት በ76.09፤ የፕላስቲኮቹ ደግሞ በ39.17 ይመዘገባሉ፤ የጎማ ቱቦው ለብቻው በ40.09 ነው። ስለዚህ ላኪው በፋክቱሩ ላይ «የመኪና ዕቃ» ብሎ ብቻ እንዳይጽፍ፤ የብረቱን ዓይነት፤ ቅርጹንና ስፋቱን በሚሊ ሜትር ለይቶ እንዲያመለክት በትእዛዙ ደብዳቤ ላይ አስቀድሞ ማሳሰብ ይገባል። የአቀስታ፤ የመካነ ሰላምና የከላላ ባለሱቆችም ብዙ ዓይነት ማከማቸት አያስፈልጋቸውም፤ በሁለቱ ስፋቶች ጥቂት ቲ፤ ጥቂት ጎሚቶና ጥቂት ቀጥ ያለ ማገናኛ፤ ከየፋሼታዎቻቸውና አንዳንድ ሜትር የማሞቂያ ጎማ ጋር መደርደሪያ ላይ ቢያኖሩ በመንገድ የቆመውን መኪና በዚያው ቀን ያስነሣሉ።