ሰማዩን በቃላቸው ያጠኑ የሌሊት ዘበኞች

ዛሬ የፖለቲካውን ወሬ ለጥቂት ደቂቃ ጋብ እናድርገውና ወደ ሰማይ ቀና እንበል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ዴልፎስ ከምትባል ከተማ አጠገብ፣ ሌስሊ ፔልቲየር የሚባሉ የገበሬ ልጅ ነበሩ። የመጀመሪያ ቴሌስኮፓቸውን የገዙት እንጆሪ ለቅመው ባጠራቀሙት 18 ዶላር ነው። እኚህ ሰው ከ1920 ጀምረው፣ "ሰሜናዊ አክሊል" በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለች አንዲት ደብዛዛ ኮከብ ይከታተሉ ነበር። ኮከቧ በ1866 በድንገት ደምቃ በባዶ ዓይን ከታየች በኋላ ተመልሳ የደበዘዘች ናት። ዳግም ትነሳ ይሆናል ብለው ሌሊት ሌሊት ጠበቋት። አንድ ዓመት አይደለም፤ ሁለት ዓመት አይደለም፤ ሃያ አምስት ዓመት! በፌብሩዋሪ 1946 አንድ ሌሊት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሰዓታቸው ቀሰቀሳቸው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ነገር ግን ጉንፋን ሊይዛቸው የጀመረ መሰላቸውና ተመልሰው ተኙ። ኮከቧ የፈነዳችው በዚያው ሌሊት ነው።

ለመሆኑ እንዲህ ዓይነቱ ፍንዳታ ምንድን ነው? ኖቫ ይባላል፤ በላቲን "አዲስ" ማለት ነው። ኮከቡ ግን አዲስ ሳይሆን ያረጀ ነው። ነዳጁን የጨረሰ፣ "ነጭ ድንክ" የሚባል ትንሽ ኮከብ ከጎረቤቱ ሃይድሮጅን እየሳበ በላዩ ላይ ይከምራል። ክምሩ ሲበዛና ሲግል በአንድ ጊዜ ይቀጣጠላል። የሚፈነዳው ላዩ ብቻ ስለሆነ ኮከቡ ይተርፋል፤ መከመሩንም ይቀጥላል። ሱፐርኖቫ ግን ሌላ ነው። ከፀሐያችን ስምንት እጥፍና ከዚያ በላይ የሚከብድ ኮከብ ነዳጁ ሲያልቅ እምብርቱ ወደ ውስጥ ይደረመሳል፤ የቀረው አካሉ ይበተናል። አንዳንዴም ነጭ ድንኩ ራሱ ሙሉ በሙሉ ይፈነዳል። በደማችን ውስጥ ያለው ብረት ሳይቀር የተገኘው ከእነዚህ ፍንዳታዎች ነው።

በእኛ ጋላክሲ ውስጥ በባዶ ዓይን የታየው የመጨረሻው ሱፐርኖቫ የ1604ቱ ነው። ስለዚህ ፈላጊው ቴሌስኮፑን ወደ ሌሎች ጋላክሲዎች ማዞር አለበት። በዚህ ሙያ አቻ ያልነበራቸው አውስትራሊያዊው ቄስ ሮበርት ኢቫንስ ናቸው። ፍለጋውን የጀመሩት በ1950ዎቹ ሲሆን፣ ግኝታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ የተመዘገበላቸው በ1981 ነው። መሣሪያቸው የመስተዋቱ ስፋት 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ተራ ቴሌስኮፕ ነበር። ካሜራ የለ፣ ኮምፒዩተር የለ። ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑ ጋላክሲዎችንና በዙሪያቸው ያሉትን ኮከቦች በቃላቸው ያውቁ ስለነበር፣ ትናንት ያልነበረች አንዲት ነጥብ ብትጨመር በአፍታ ይለዩአታል። በ2022 ከዚህ ዓለም በሞት እስኪለዩ ድረስ በዓይናቸው ብቻ ያገኟቸው ሱፐርኖቫዎች 42 ደርሰዋል።

ማየት ብቻውን ግን አይበቃም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ አዲስ የመሰለው ነጥብ በጋላክሲው ፊት የሚያልፍ አስትሮይድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፈላጊው ጥቂት ቆይቶ መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱን ያያል፤ ከድሮ ፎቶግራፍ ጋር ያመሳክራል፤ ሌላ ተመልካች እንዲያይለት ይጠይቃል። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ብርሃኑ በትልቅ ቴሌስኮፕ ተተንትኖ ሲመረመር ነው። በፌብሩዋሪ 1987 በቺሊው የላስ ካምፓናስ ጣቢያ ይሠሩ የነበሩት ካናዳዊው ኢያን ሼልተን፣ ባነሱት ፎቶግራፍ ላይ የማያውቁት ደማቅ ነጥብ ሲያዩ በመጀመሪያ የጠረጠሩት ፎቶግራፉን ነው። ጉድለት ይሆናል ብለው ወደ ውጭ ወጥተው ቀና ሲሉ፣ ኮከቡ በባዶ ዓይን ይታያል! የሥራ ባልደረባቸው ኦስካር ዱሃልዴ ደግሞ ለዕረፍት ወጣ ባሉበት ቀድመው አይተውት ኖሯል፤ ግን ለማንም አልተናገሩም ነበር። ያ ብርሃን እነርሱ ዘንድ ለመድረስ ወደ 168 ሺህ ዓመት ተጉዟል።

ዛሬ ሰማዩን የሚያስሱት በአብዛኛው በራሳቸው የሚሠሩ ቴሌስኮፖች ናቸው፤ በዓመት በሺህ የሚቆጠሩ ፍንዳታዎችን ይመዘግባሉ። ታዲያ የሰው ዓይን ሥራ አበቃ ማለት ነው? አይደለም። በሜይ 2023፣ 21 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል በሚርቅ ጋላክሲ ውስጥ የታየውን ሱፐርኖቫ ቀድመው ያስታወቁት ኮይቺ ኢታጋኪ የሚባሉ ጃፓናዊ አማተር ናቸው።

በየሀገሩ የሌሊት ፈረቃ የምትሠሩ፣ ፓርኪንግ የምትጠብቁና ታክሲ የምትነዱ ወገኖቻችን፤ ሰው ሁሉ ሲተኛ እናንተ ነቅታችኋል። ከሰማዩ አንዲት ጥግ መርጣችሁ በቃላችሁ ብታጠኗት ከእናንተ የሚጠበቀው ትዕግሥት ብቻ ነው። ፔልቲየርም ቢሆኑ ከዚያች ሌሊት በኋላ ኮከቧን ቅር እያላቸውም ቢሆን መከታተላቸውን አልተዉም። በ1980 ሲያርፉ፣ በሕይወት ዘመናቸው የመዘገቡት የኮከብ ምልከታ ከ132 ሺህ በላይ ነበር።