ስለሚቀባው የሕመም ማስታገሻ ምን ያህል ያውቃሉ?

ልብስ ሲያጥቡ ውለው፣ እንጀራ ሲጋግሩ አምሽተው፣ ወይም በስፌት መኪና ላይ አቀርቅረው ስምንት ሰዓት ሙሉ ሠርተው ሲመለሱ ወገብዎን፣ ትከሻዎንና የእጅ አንጓዎን ጠፍሮ የሚይዝዎት ሕመም ለሠራተኛ እናት እንግዳ አይደለም። ለዚህም ሲባል በብዙ ቤት አንድ ቱቦ የሚቀባ ማስታገሻ አይጠፋም። ለጎረቤት ይዋሳል፤ የአያትን ጉልበት ይታሹበታል፤ ኳስ ሲጫወት ወለም ላለው ልጅም ይደርሳል። ችግሩ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። በቆዳ ላይ የሚቀባ በመሆኑ ብዙዎቻችን እንደ ቫዝሊን እንጂ እንደ መድኃኒት አንቆጥረውም። ነገር ግን መድኃኒት ነው፤ በቆዳ በኩል ዘልቆ ከደም ጋር ይቀላቀላል።

ስለዚህ በቅድሚያ በእጅዎ ያለው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ከቱቦው ላይ ያንብቡ። በመድኃኒት ቤቶች በብዛት የሚገኘው ዳይክሎፌናክ የተባለው ጄል ነው። ይህ መድኃኒት እብጠትንና ሕመምን የሚቀሰቅሱት ንጥረ ነገሮች በሰውነት ውስጥ እንዳይመነጩ ያግዳል። ወደ ደም የሚገባው መጠን ከሚዋጠው ጋር ሲነጻጸር ከመቶ ስድስት እጅ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ክኒኑ ጨጓራን የሚጎዳውን ያህል አይጎዳም። የሚስማማውም ከቆዳ ሥር ቀረብ ብለው ለሚገኙት ለጉልበት፣ ለእጅና ለቁርጭምጭሚት መገጣጠሚያዎች ነው። እንደ ዳሌ ላለው ጥልቅ መገጣጠሚያ ግን እምብዛም አይደርስም።

ሁለተኛው ዓይነት ሜንቶል፣ ካምፎርና ሜቲል ሳሊሲሌት የሚባሉት ያሉበትና ሽታው ከሩቅ የሚታወቀው ቅባት ነው። ሜንቶል ቆዳን ያቀዘቅዛል፤ ሌሎቹ ያሞቃሉ። በዚህም ነርቮችን አታሎ ሕመሙን ለጊዜው ያስረሳል። ሰዎች «የሚያቃጥለው ነው የሚያድነው» እያሉ ደጋግመው የሚለቀልቁትም ይህንኑ ነው። ማቃጠሉ ግን የመዳን ምልክት አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ እነዚህ ቅባቶች በአንዳንድ ተጠቃሚዎች ቆዳ ላይ ውኃ እስከ መቋጠር የደረሰ ቃጠሎ ማድረሳቸውን ገልጿል። ሲቀቡ ከሙቀት አልፎ ሕመም ከተሰማዎት ወዲያው በሳሙናና በውኃ ይጠቡት።

ሙቀት መጨመርም አደጋ አለው። ከተቀቡ በኋላ ትኩስ ጨርቅ መደረብ፣ ከከሰል ምድጃ አጠገብ መሞቅ፣ ወይም በላስቲክ ጠቅልሎ ማሰር በአገራችን የተለመደ ነው። ሙቀትና እሽግ መድኃኒቱ ከታሰበው በላይ ወደ ሰውነት እንዲገባ ያደርጋሉ፤ ቆዳንም ያቆስላሉ። በተሰነጠቀ፣ በተላጠ ወይም ሽፍታ ባለበት ቆዳ ላይም መቀባት አይገባም። ዳይክሎፌናክ የተቀባ ቆዳ ለፀሐይ ስለሚሳሳ በልብስ ይሸፍኑት።

መጠኑስ? ቱቦው ላይ «1%» የሚል የተጻፈበት ጄል ለጉልበት አንድ ጊዜ የሚበቃው 4 ግራም ሲሆን፣ ይህም ከቱቦው ሲወጣ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መስመር ነው። ለእጅ አንጓ ወይም ለክርን የዚህ ግማሽ ይበቃል። በቀን ከአራት ጊዜ በላይ አይቀቡም። ከ2% በላይ የሆነው ግን ጠዋትና ማታ ብቻ ነው፤ ቁጥሩን ሳያዩ የጎረቤትን ቱቦ መዋስ የማይበጀውም በዚህ ምክንያት ነው። የመገጣጠሚያ ሕመም በአንድ ቀን አይለቅም፤ እስከ ሰባት ቀን ይታገሡ። በሰባት ቀን ካልተሻለዎት ግን ሌላ ቱቦ ከመግዛት ይልቅ ሐኪም ያማክሩ።

ከሁሉ ይልቅ የምናሳስበው ጄሉን ከክኒን ጋር ደርቦ መውሰድን ነው። ጠዋት አይቡፕሮፌን ወይም የዳይክሎፌናክ ክኒን ውጦ ማታ ጄሉን መቀባት አንድን መድኃኒት በሁለት በር ማስገባት ነው። ጨጓራና ኩላሊትም ዋጋውን ይከፍላሉ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለብዎት እንደሆነ፣ አስፕሪን አስምዎን የሚቀሰቅስብዎት ከሆነ፣ ወይም እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከመግዛትዎ በፊት ለመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ይንገሩ። ካልነገሩት በመስኮት በኩል ሊያውቅልዎ አይችልም።

ነፍሰ ጡር ነዎት? ከአምስተኛው ወር፣ ማለትም ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዳይክሎፌናክን አይቀቡ። የዚህ ዓይነት መድኃኒት የፅንሱን ኩላሊት በማወክ የሽርት ውኃውን ሊያሳንሰው ይችላል። በእርግዝና የሚመጣውን የወገብ ሕመም በእረፍትና በጎን በመተኛት ማቃለል ይሻላል። የሚያጠቡ እናትም ጡትዎን ወይም ሕፃኑ የሚነካውን ቦታ አይቀቡ።

እጅዎ ለሌላ ሰው ሲያሽ ቆይቶ ወዲያው ሊጥ ሊያቦካ፣ ሕፃን ሊያነሳ ወይም ዓይን ሊያብስ ይችላልና ሁልጊዜ በሳሙና ይታጠቡ። የሚያምዎት ራሱ እጅዎ ከሆነ ግን ከተቀቡ በኋላ አንድ ሰዓት ሳይታጠቡ ይቆዩ፤ ስለዚህ የቤት ሥራው ካለቀ በኋላ ቢቀቡ ይመረጣል።

አንዳንድ ሕመም ደግሞ ቅባት አይነካካውም። ትኩሳት ያለበትና ቀልቶ ያበጠ መገጣጠሚያ፣ አንዱ ባት ብቻ ድንገት አብጦ ሲያም፣ ከወደቁ በኋላ እግር መርገጥ ሲያቅት፣ ወይም ከደረት ተነሥቶ ወደ ግራ ክንድ የሚወርድ ሕመም ሲሰማ እሹኝ ማለት ጊዜ ማባከን ነው። በቶሎ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ቱቦውን ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ። ሽታው ከረሜላ የሚመስላቸው አሉና። ያልተበረዘ የሜቲል ሳሊሲሌት ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ከ20 የአስፕሪን ክኒን ይበልጣል፤ ካምፎር ደግሞ ሕፃንን ሊያንዘፈዝፍ ይችላል። ልጅ ቀምሶ ከተገኘ ለማስመለስ ጣት ወደ ጉሮሮው አይስደዱ። አፉን ጠርገው ልጁንም ቱቦውንም ይዘው ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ ምን እንደዋጠና ምን ያህል እንደጎደለ ሐኪሙ ከቱቦው ያያል።