ዕርቁ ይሁን፣ መዝገቡም አይቅር
የትራፊክ አደጋን ማስመዝገብ ለምን ያስፈልጋል?

 

አንዲት እናት ለልጇ የቁስል ማሸጊያና የሕመም ማስታገሻ ፈልጋ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጣች። ልጁ ከመድረሳ ሲመለስ ሚኒባስ ገጭቶት ነበር። ሾፌሩ ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀ፤ ለሕክምና ጥቂት ብር ሰጠ። በቦታው የነበሩ አባቶችም አስታረቁ። ለፖሊስ የነገረ ግን አልነበረም። ከሳምንት በኋላ እግሩ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ተነገራት። ያን ጊዜ የሰሌዳ ቁጥሩን የያዘ፣ የሾፌሩን ስም የሚያውቅ ሰው ጠፋ።

አደጋ እንዴት ይመዘገባል?

የመጀመሪያው መዝገብ የፖሊስ ነው። የትራፊክ ፖሊስ በቦታው ደርሶ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የሾፌሩንና የተጎጂውን ሁኔታ ይጽፋል፤ የአደጋውን ፕላን ያነሳል። ከዚያም ጉዳቱን ሞት፣ ከባድ የአካል ጉዳት፣ ቀላል የአካል ጉዳት ወይም የንብረት ጉዳት ብሎ ይመድበዋል። ይህ ከታች ወደ ላይ እየተደመረ የአገሪቱ ዓመታዊ ሪፖርት ይሆናል።

ሁለተኛው መዝገብ የሐኪም ቤቱ ካርድ ነው። ችግሩ ሁለቱ መዝገቦች ብዙ ጊዜ አለመገናኘታቸው ነው።

ቁጥሩ የሚጎድለው የት ላይ ነው?

አንደኛ፣ በዕርቅ ያለቀ አደጋ ለፖሊስ አይደርስም። ሁለተኛ፣ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር በአደጋው ምክንያት እስከ 30 ቀን ድረስ የሞተ ሰው ከሟቾች ይቆጠራል። በፖሊስ ዘንድ «ከባድ ጉዳት» ተብሎ የተጻፈ ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢሞትና የሚያሳውቅ ባይኖር ግን መዝገቡ እንዳለ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ጀናዛን ማፋጠን ተገቢ ቢሆንም፣ ከቀብር በኋላ የሞቱን ምክንያት ለማስመዝገብ የሚመለስ ቤተሰብ ጥቂት ነው።

ልዩነቱን እንመልከት። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ከኢትዮጵያ በይፋ የተመዘገበው ዓመታዊ የትራፊክ ሞት 4,352 ነበር። ድርጅቱ ራሱ ለ2016 ያሰላው ግምት ግን 27,326 ነው። ሁለተኛው አንድ በአንድ የተቆጠረ ሳይሆን በስሌት የተገኘ ግምት ነው። ቢሆንም ስንት ሰው ከመዝገብ ውጭ ሊቀር እንደሚችል ያመለክታል።

ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የፍጥነት መቀነሻና የእግረኛ ማቋረጫ የት ይሠራ የሚባለው አደጋ በተመዘገበበት ቦታ መሠረት ነው። በመስጊዳችን በር ሦስት ልጆች ተገጭተው አንዱም ካልተጻፈ፣ ያ መንገድ በመዝገብ ላይ ሰላማዊ ነው። አራተኛው ልጅ የሚገጨውም እዚያው ነው።

ዐፍው ማለት መዝገብን መተው ነውን?

አይደለም። ይቅር ማለት ትልቅ ምንዳ ያለው ሥራ ነው። ይሁንና ቁርኣን ዕዳን እንድንጽፍ ያዘዘን፣ ምስክርነትን መደበቅንም የከለከለን መሆኑን አንርሳ። ሾፌሩን ይቅር ብለን አደጋውን ማስመዝገብ እንችላለን። በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የተጀመረው የሦስተኛ ወገን መድንም ተጎጂው ካሳ እንዲያገኝ የታሰበ ነው። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ባይታወቅ እንኳ ለዚሁ የተቋቋመ ፈንድ አለ። ሁሉም ግን ማስረጃ ይጠይቃል።

ስለዚህ፦

• ለፖሊስ በ991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደውሉ።
• የሰሌዳ ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ይጻፉ፤ የምስክሮችን ስልክ ይያዙ።
• ለሐኪሙ «ወድቄ ነው» ሳይሆን «መኪና ገጭቶኝ ነው» ይበሉ፤ በካርዱ ላይ ይጻፍ። ካርድ ቁጥሩንና ደረሰኙን ያስቀምጡ።
• ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ደህና ቢመስልም ሐኪም ይየው። አስፕሪን ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ በራስዎ አይስጡት።
• ተጎጂው በኋላ ከሞተ፣ ከቀብር በኋላም ቢሆን ለፖሊስ ያሳውቁ፤ ሞቱንም በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ።

አላህ ልጆቻችንን ከአደጋ ይጠብቅልን። አሚን።