የዓለምን ታሪክ ከጣራ ገዳም ግርጌ ሆኖ ስለ መፈለግ

የዓለምን ታሪክ ለመማር አሳብ ያደረበት ሰው ወደ ቤተ መጻሕፍት በገባ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የዓለም ታሪክ የሚል መጽሐፍ ይገኛል ወይ?» ብሎ ነው፤ የሚሰጠውም መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ ጥራዙ የወፈረ፣ ሥዕሉና ካርታው የበዛ፣ ነገር ግን ከአንድ አገር ሰገነት ላይ ቆሞ ዓለሙን ሁሉ የሚቃኝ ሲሆን፣ የዚያ አገር ነገሥታትና ጦርነቶች ብዙ ምዕራፍ ይዘው ሲተረኩ፣ አፍሪቃና እስያ የባዕድ ሰው በደረሰባቸው ቀን ብቻ ተጠርተው ያልፋሉ። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ማንበብ ነውር የለበትም፤ ይሁን እንጂ በእርሱ ብቻ የሚጸና አንባቢ የተማረው ዓለም የሠራውን ታሪክ ሳይሆን አንድ አገር ስለ ዓለም ያለውን አስተያየት መሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል።

የዓለም ታሪክ በአንድ ጥራዝ ተጠቅልሎ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ሰው ከገዛ አገሩ ከሚያውቀው አንድ ነገር ተነሥቶ፣ ያ ነገር የነካቸውን ሕዝቦች ሁሉ በየመደርደሪያቸው ምስክርነታቸውን እየጠየቀ የሚሰበስበው ነው። ለዚህ ዓይነቱ ፍለጋ ደግሞ የደቡብ ጎንደር ደጋ መልካም መነሻ ነው፤ ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ በደን ተሸፍኖ ከሚታየው ከጣራ ገዳም አንሥቶ፣ በአንድ ወገን እስከ ፎገራ ሜዳና እስከ ጣና ባሕር፣ በሌላው ወገን እስከ ደብረ ታቦርና እስከ ጉና ተራራ የሚዘረጋው ይህ አገር፣ ራቅ ካሉ አህጉር የመጡ ሰዎችና መጻሕፍት የተገናኙበት አገር ነውና።

ምሳሌ እንዲሆነን በትምህርት ቤት ሁላችንም የሰማነውን የወይና ደጋን ጦርነት እንውሰድ። ከጣና በስተ ምሥራቅ በሚገኘው በዚህ ስፍራ፣ በየካቲት ወር 1535 ዓ.ም.፣ አፄ ገላውዴዎስና ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ተዋግተው ኢማሙ ወደቁ። በዚያ ቀን በሜዳው ላይ የነበሩት ግን የአገር ልጆች ብቻ አልነበሩም፤ በንጉሡ ወገን በክሪስቶቫው ዳ ጋማ አዝማችነት ከመጡት 400 ያህል ፖርቱጋሎች የተረፉት ቆመው ነበር፣ በኢማሙም ወገን ከኦቶማን ግዛት የተላኩ ነፍጠኞች ነበሩ። ስለዚህ የአንዲቱ ቀን ዜና በአንድ ቋንቋ ተጽፎ አልቀረም። ግእዙ በአፄ ገላውዴዎስ ዜና መዋዕል አለ፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1895 በፓሪስ ታትሟል። ከዘመቻው የተመለሰው ሚጌል ዴ ካስታኞዞ በፖርቱጋልኛ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1564 በሊዝቦን ታትሟል። ዓረብ ፈቂህ በሚል ስም የሚታወቀው ጸሐፊ በዓረብኛ ያዘጋጀው ፉቱሕ አል ሐበሻ ደግሞ፣ ትረካው ወደ ወይና ደጋ ሳይደርስ የሚያቆም ቢሆንም፣ የኢማሙን ዘመቻ ከራሳቸው ወገን ሆኖ የሚያሳየን ነው።

እነዚህን ሦስቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የሚያነብ ሰው፣ የግእዙ ጸሐፊ ድሉን ለእግዚአብሔርና ለንጉሡ ሲሰጥ፣ ፖርቱጋላዊው የወገኖቹን ጀግንነት ከፍ ሲያደርግ፣ ዓረብ ፈቂህም ዘመቻውን በሃይማኖቱ ተጋድሎ ሲተረጕመው ያያል፤ ከዚህም በኋላ የሚስማሙበትን ለይቶ ይይዛል፣ በሚለያዩበትም ላይ ለምን እንደ ተለያዩ ይመረምራል። ይህ አሠራር ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም፤ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን አንዱን ንባብ በአንድ ፍች ሳይዘጉ፣ አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እያሉ አማራጩን ሁሉ ለደቀ መዝሙሩ ማቅረብን ከጥንት ጀምሮ ያውቁበታልና፣ የታሪክ ተማሪም ልማዱን ከእነርሱ ሊወርስ ይችላል።

ይሁንና እነዚህ መጻሕፍት ወይም ትርጕሞቻቸው በቤተ መጻሕፍት ውስጥ በአንድ ስፍራ ተቀምጠው አይገኙም። አሜሪካዊው መልቪል ዴዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያወጣውና በብዙ አገር የሚሠራበት የአመዳደብ ሥርዓት፣ ዕውቀትን ሁሉ በአሥር ክፍል አድርጎ፣ ለታሪክና ለምድር ጥናት 900ን ሰጥቷል፤ በእርሱም ሥር 909 ለጠቅላላው የዓለም ታሪክ፣ 930 ለጥንታዊው ዘመን፣ 940 ለአውሮፓ፣ 950 ለእስያ፣ 960 ለአፍሪቃ፣ 970 ለሰሜን አሜሪካ፣ 980 ለደቡብ አሜሪካ ተመድበዋል። የኢትዮጵያ ቍጥር 963 ነው። እንግዲህ ስለ ወይና ደጋ የሚያጠና ሰው ከ963 ተነሥቶ፣ ለፖርቱጋል ወደ 946.9፣ ለኦቶማን ቱርክ ወደ 956 መሻገር አለበት፤ የእስልምናን ትምህርትና ሥርዓት ለመረዳት ከታሪክ ክፍል ጨርሶ ወጥቶ በሃይማኖት ክፍል 297ን፣ ስለ ሀብት ለማወቅ ደግሞ 330ን መፈለግ ይገባዋል።

መደርደሪያውም የሠሪዎቹን አስተሳሰብ ይዞ የቆመ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ግብፅን ብንወስድ፣ የፈርዖኖቹ ዘመን በ932 ከጥንታውያን መንግሥታት ጋራ ተቀምጦ፣ የኋለኛው ዘመኗ በ962 ከአፍሪቃ ጋራ ስለሚገኝ፣ በአንዱ ብቻ የቆመ አንባቢ የአንድን አገር ታሪክ ግማሹን ትቶ ይወጣል። ፒራሚዶቹን የሠራው ሕዝብ ከአፍሪቃ ታሪክ ውጭ ሆኖ እንዲታሰብ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የመለያየት ልማድ ነው፤ ቍጥሩ መንገድ ይመራል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

በዚህ ጊዜ ረዳት የሚሆነው ዝርዝሩ፣ ማለት ካታሎጉ ነው። በመሳቢያ ውስጥ በካርድ የሚቀመጠውን ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ለአንድ መጽሐፍ ቢያንስ ሦስት ካርድ ይጻፍለታል፤ አንዱ በደራሲው ስም፣ አንዱ በመጽሐፉ ስም፣ አንዱም በነገሩ አርእስት። በዋናው ካርድ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የሚዘረዘሩትን አርእስት ብዙ ሰው ሳያነባቸው ያልፋል፤ እነርሱ ግን ያው መጽሐፍ በየትኞቹ ሌሎች ስሞች ተመዝግቦ እንደሚገኝ ስለሚናገሩ፣ አንዱን መልካም መጽሐፍ ያገኘ ሰው በእነርሱ ተመርቶ ዘመዶቹን ሁሉ ሊያገኝ ይችላል። በኮምፒውተር በሚሠራውም ካታሎግ ያው አርእስት በመጽሐፉ መግለጫ ሥር አለ። ከዚህ ቀጥሎ አንባቢ መጽሐፉን ከኋላው ይክፈት፤ ደራሲው የተመለከታቸው መጻሕፍት ዝርዝር በሌሎች ሰዎች ልፋት የተዘጋጀ ሁለተኛ ካታሎግ ነውና። የስሞቹን ማውጫ ሲመለከትም፣ ስለ አንድ አህጉር እጽፋለሁ ያለው ደራሲ የዚያን አህጉር ሰዎች በስማቸው ይጠራ እንደ ሆነ፣ ወይስ አገረ ገዥዎችንና መንገደኞችን ብቻ ይቈጥር እንደ ሆነ ወዲያው ይለየዋል።

የዘመን አቈጣጠርም ጥንቃቄ ይሻል። የእኛ ዓመት ከአውሮፓው በ7 ወይም በ8 ይለያል፤ የሒጅራው ዓመት በጨረቃ ስለሚቈጠር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ከፀሐዩ ይቀድማል፤ የጥንት የግእዝ መጻሕፍትም ብዙ ጊዜ ከዓለም ፍጥረት ጀምረው በዓመተ ዓለም ይቈጥራሉ። ይህን ያስተካከለ አንባቢ፣ በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኵሬ አፄ ልብነ ድንግል በኢማም አሕመድ ድል በሆኑበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1529 መሆኑ ነው፣ የኦቶማኑ ሱልጣን ሱለይማን ቪየናን ከብቦ እንደ ነበረ፣ ከዚያም ስምንት ዓመት አስቀድሞ የሜክሲኮ ከተማ ቴኖችቲትላን በእስፓኞች እጅ እንደ ወደቀች ያገኛል፤ በየመደርደሪያው ተለያይቶ የነበረውም ዘመን በአንድ ገጽ ላይ ይሰለፍለታል።

አገራችን በዚህ ረገድ ባዶ እጇን አልነበረችም። አባቶች የዓለምን ታሪክ በግእዝ ለማንበብ ሲሉ ከዓረብኛ ብዙ አስተርጕመዋል፤ ግብፃዊው ታሪክ ጸሐፊ ጊዮርጊስ ወልደ አሚድ፣ የአይሁድን ዜና የሚተርከው ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን፣ ዜና እስክንድር፣ የዘመናትን ቍጥር የሚያስማማው አቡ ሻክር በብራና ተጽፈው ይነበቡ ነበር። ከሁሉም የሚደነቀው የኒቅዩስ ኤጲስ ቆጶስ የዮሐንስ መጽሐፍ ነው። ይህ ሰው በሰባተኛው መቶ ዓመት በግብፅ የኖረ ሲሆን፣ ከአዳም ጀምሮ ዓረቦች ግብፅን እስከ ያዙበት ዘመን ያለውን ታሪክ ጻፈ፤ የመጀመሪያው ጽሑፍ ጠፋ፣ የዓረብኛው ትርጕምም ጠፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1602 ወደ ግእዝ የተመለሰው ብቻ ተረፈ። ስለዚህ ዛሬ በየትኛውም አገር ያለ ሊቅ ስለ ግብፅ በዓረቦች መያዝ ለዘመኑ የቀረበ ምስክር ሲፈልግ፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ዞተንበርግ የተባለ ሊቅ በፓሪስ ወዳሳተመው የግእዝ ንባብ ወይም ከእርሱ ወደ ወጡት ትርጕሞች ይመለሳል።

የብራና መጻሕፍት ግን በየስፍራቸው አልቈዩም። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው መጻሕፍት በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ታስበው ተከማችተው ሳለ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዝ ጦር እጅ ሲወድቅ ተዘረፉ፤ ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። ወደ 350 የሚሆኑት መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1872 ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥትን ስለ ጠየቁ፣ በሙዚየሙ ከነበሩት ቅጅዎች አንዱ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያን ታሪክ የሚመረምር ሰው ወደ አውሮፓ መሻገር ግድ ሆነበት፤ የይፋግ አካባቢ ተወላጅ የሆኑት አለቃ ታዬ ገብረ ማርያምም እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1908 በበርሊን ግእዝና አማርኛ እያስተማሩ ኖረው ከተመለሱ በኋላ፣ የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የተባለው መጽሐፋቸው በ1914 ዓ.ም. በአሥመራ ታተመ። ለዛሬው ተማሪ መንገዱ አጥሮለታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ከ9000 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፣ ብዙዎቹንም ዛሬ በኢንተርኔት ማየት ይቻላል።

ወደ ሌሎች አህጉር ለመሻገርም በአማርኛ የተጀመረ መንገድ አለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓንን በ1924 ዓ.ም.፣ ከበደ ሚካኤልም ጃፓን እንደምን ሠለጠነች የተባለውን በ1946 ዓ.ም. ሲያሳትሙ፣ ሁለቱም ከአውሮፓ አሻግረው ወደ ምሥራቅ ተመለከቱ። የአፍሪቃን ታሪክ ለሚፈልግ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1964 አስጀምሮ ከ1981 እስከ 1993 በስምንት ቅጽ ያወጣው ጠቅላላ ታሪክ አለ፤ በሁለተኛው ቅጽ የክርስቲያኑን አክሱም ዘመን ተክለ ጻድቅ መኵሪያ፣ በአራተኛውም የሰሎሞናውያንን ዘመን ታደሰ ታምራት ጽፈዋል፣ ቅጾቹም ያለ ዋጋ በኢንተርኔት ይገኛሉ። የህንዱ ጃዋሃርላል ኔህሩ በእስር ቤት ሳሉ ለልጃቸው ለኢንዲራ በደብዳቤ የጻፉት የዓለም ታሪክ፣ ከእስያ ሆኖ ዓለምን ማየት እንዴት እንደሚለይ ያሳያል። ሜክሲኳዊው ሚጌል ሌዮን ፖርቲላ እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተመው ደግሞ የድል አድራጊዎቹን ሳይሆን የተሸነፉትን የአዝቴኮችን ቃል ሰብስቦ የያዘ ነው።

ለአዲስ ዘመንና ለደብረ ታቦር ተማሪ እንግዲህ ምክሩ ይህ ነው። አስቀድሞ ጥያቄውን አጥብቦ በወረቀት ያስፍር፤ «የኦቶማን ታሪክ» ብሎ ከመነሣት «ኦቶማኖች በቀይ ባሕር ዳር ምን ይፈልጉ ነበር?» ብሎ መነሣት ይሻላል። ቀጥሎ በትምህርት ቤቱና በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ያለውን ይመርምር፤ በዚያ ያላገኘውንም በደራሲ፣ በመጽሐፍ ስምና በታተመበት ዓመት ዘርዝሮ ከያዘ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ወይም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በገነተ ልዑል ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቢሄድ፣ ጊዜው በከንቱ አይባክንበትም። ለእያንዳንዱም አህጉር ሁለት መጽሐፍ ያጣምር፤ አንዱ ከውጭ ሆኖ የተመለከተው፣ ሁለተኛው የአገሩ ሰው የጻፈው ይሁን።

ለቤተ መጻሕፍት ሹሞችም አንድ ቃል ማከል ይገባል። የኒቅዩሱ ዮሐንስ በግእዝ ስለ ተገኘ ብቻ ከሃይማኖት መጻሕፍት ጋራ ወይም በ963 ሥር ተቀምጦ ቢቀር፣ ስለ ግብፅ፣ ስለ ሮምና ስለ ዓረቦች የሚፈልገው ተማሪ መቼም አያገኘውም። ለእርሱና እርሱን ለመሳሰሉት መጻሕፍት በግብፅ፣ በቢዛንጥያና በዓለም ታሪክ አርእስት ሥር ተጨማሪ ካርድ ቢጻፍላቸው፣ ድካሙ የጥቂት ደቂቃ ነው፤ ተማሪው ግን የአገሩ ሊቃውንት በዓለም ታሪክ ጉባኤ ተሰሚ ምስክሮች እንደ ነበሩ መምህር ሳይነግረው ራሱ ከመደርደሪያው ላይ ይረዳዋል።