መድኃኒቱን የሚያጎርሰው ጂን

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ሆኖ የምግብ መፍጫ ጭማቂና ኢንሱሊን የሚያመነጭ የውስጥ አካል ነው። ካንሰር ሲይዘው ምልክቱ ይዘገያል። ሆድና ጀርባ መቁረጥ፣ ዓይን ቢጫ መሆን ሲጀምር ከአምስት ሕሙማን አራቱ ያህል ዕጢው በቀዶ ሕክምና ሊወጣላቸው ከሚችልበት ደረጃ አልፈዋል። ዋናው ተስፋቸው ኬሞቴራፒ ይሆናል።

አሜሪካ በ1996 እ.ኤ.አ. ለዚህ በሽታ የፈቀደችው ጄምሲታቢን ለዓመታት ግንባር ቀደም መድኃኒት ነበር። በ2011 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት ግን በሽታው ከተሠራጨባቸውና ይህን ብቻ ከወሰዱት ሕሙማን ግማሾቹ 6.8 ወር ሳይሞላቸው እንደሞቱ አሳየ። ፎልፊሪኖክስ የተባለውን የመድኃኒቶች ጥምር የወሰዱት ዘንድ ይኸው ልክ 11.1 ወር ደረሰ። ልዩነቱ ትልቅ ቢሆንም ዕድሜው አሁንም አጭር ነው።

ጄምሲታቢን ወደ ሰውነት ሲገባ ጥይት እንዳልጎረሰ ጠመንጃ ነው። ሴሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ኢንዛይሞች ሦስት ፎስፌት አንድ በአንድ ይጨምሩበታል፤ ሦስቱ ሲሟሉ ዲኤንኤ ውስጥ ተሰክቶ የሴሉን መባዛት ያቆማል። የመጀመሪያውን ፎስፌት የሚጨምረው ዲሲኬ የተባለው ኢንዛይም ነው። እሱ ሲጎድል መድኃኒቱ ሴሉ ውስጥ እያለ ሥራ ይፈታል። ካንሰሩ ጄምሲታቢንን ከሚቋቋምባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

በቱሉዝ ከተማ ሉዊ ቡስካይ፣ ፒየር ኮርደሊዬና ባልደረቦቻቸው የጎደለውን ለሴሉ ለመመለስ ተነሡ። ያዘጋጁት ሲዋይኤል-02 ቫይረስ የሌለው የዲኤንኤ ቀለበት ነው። የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ፎስፌት የሚጨምሩ ኢንዛይሞችን በአንድነት የሚያሠራ ጂን ይዟል። ከዚያም ሌላ፣ አብዛኛው የቆሽት ካንሰር የሚያጣውንና የሴሉን እድገት የሚገታውን የሶማቶስታቲን ተቀባይ ጂን ጨምሯል። ሐኪሙ አልትራሳውንድ ያለው ኢንዶስኮፕ በአፍ አስገብቶ፣ ዕጢውን በምስል እያየ በቀጭን መርፌ ይወጋዋል። ጄምሲታቢኑ በደም ሥር ይከተላል።

በ2015 የታተመው የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ በ22 ሕሙማን ላይ የተደረገ ሲሆን፣ ሕክምናውን ሰውነታቸው እንደቻለው አሳይቷል። የማንም ዕጢ በሚለካ ደረጃ አልቀነሰም። በዘጠኙ ግን በሽታው እስከ ስድስት ወር ሳይባባስ ቆየ፤ ከእነሱም ሁለቱ ረጅም ጊዜ ኖሩ። የሚያወዳድር ቡድን ስላልነበረ ይህ ፈውስ ተገኘ አያሰኝም።

እንዲህ ያለ ተስፋ ሲፈተን ሊከሽፍም ይችላል። ቲኤንኤፍ የተባለውን ፕሮቲን የሚያሠራ ጂን በቫይረስ ወደ ዕጢው የሚያስገባው ቲኤንኤፍራድ፣ ከኬሞቴራፒና ከጨረር ጋር በ304 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ነበር። በ2013 ውጤቱ ሲወጣ የወሰዱትም ያልወሰዱትም ቡድኖች የመኖር ዘመን መካከለኛ ልክ እኩል 10 ወር ሆነ። ዕጢ ላይ የሚወጋ ጂን ሌላ ቦታ የተሠራጨውን ካንሰር ማግኘት ይቸግረዋል።

ስለዚህ ማንም ሕመምተኛ ይህን የጂን ሕክምና ተስፋ አድርጎ የታዘዘለትን ኬሞቴራፒ ማቋረጥ የለበትም። ከቱሉዙ ሥራ የሚወሰደው ትልቁ ትምህርት አካሄዱ ነው፦ መድኃኒት እምቢ ሲል መጠኑን ከመጨመር በፊት ሴሉ ውስጥ ምን እንደጎደለ መመርመር። መድኃኒት ያልሠራለት ሰው ሁሉ ይህ ምርመራ ይገባዋል።