ዓመቱ የቆመ ሳንቲም

የአሥር ሳንቲሟን ጀርባ አይቶ የማያውቅ የአርሲ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ልብ ብሎ ያየው ግን ጥቂት ነው። ጠመዝማዛ ቀንድ ይዞ የተቀረጸው እንስሳ የደጋ አጋዘን ነው። ከኢትዮጵያ ደቡብ ምሥራቅ ተራሮች ውጪ በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ለሳይንስ የታወቀውም በዚሁ በአርሲ በኩል ነው፤ አይቮር ባክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ እ.ኤ.አ. በ1908 ከዝዋይ ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ካሉት ተራሮች ያገኘውን፣ ሪቻርድ ላይዴከር በ1910 መዝግቦ በአዳኙ ስም ጠራው። አጋዘኑ በጭላሎና በገላማ ዛሬም አለ። ሳንቲሟ ግን ከአርሲዋ ጮሌ ገበያ ከጠፋች ቆይታለች። ሽንኩርት ሻጯ አትቀበላትም፣ ባለሱቁ መልስ ሲያጣ ማስቲካ ያቀብላል እንጂ እሷን አያወጣም፣ ለምጽዋት እንኳ ብትሰጥ ታሳፍራለች።

ታዲያ ገበያ የጣላትን ሳንቲም ሰብስቦ ማስቀመጥ ይረባል ወይ? ጥያቄው ዛሬ በየሻይ ቤቱ ይነሣል፤ የሚነሣው ደግሞ በአብዛኛው በገንዘብ ጉጉት ነው። በቴሌግራም «የ1936 ሳንቲም ያላችሁ፣ በከፍተኛ ዋጋ እንገዛለን» የሚል ማስታወቂያ ያላየ ጥቂት ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገና ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ መቶ ብር ካለፈ ወዲህ ደግሞ፣ ሰው በሳጥኑ ስር ያለውን ሁሉ እያገላበጠ ማየት ጀምሯል። የእኔን አስተያየት ከወዲሁ ልናገር፦ የዘመኑን ሳንቲም ለትርፍ የሚሰበስብ ሰው ይከስራል። በሌላ ምክንያት የሚሰበስብ ግን ጥሩ ጊዜ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ብዙዎች የሚያምኑት ነገር፣ ሳንቲሙ ላይ የተጻፈው ዓመት፣ በኛ አገር ምንም አይነግርም ማለት ይቻላል።

ነገሩ የሚጀምረው ከማርትሬዛ ነው። የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የተመታው ጠገራ ብር ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዞ ወጣ። የቪየና ገንዘብ ማተሚያ እስከ ዛሬ ይመታዋል። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 የብሩን መምቻ ከኦስትሪያ አስወስዶ ሮም ውስጥ ማስመታት ጀመረ፤ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም ተከተሉ። ሁሉም 1780 ይላል። የቀድሞው ነጋዴ በራስ ጌጧ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች እየቆጠረ፣ የትከሻዋን ጌጥ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ይቀበል ነበር፤ ዓመቱን ግን አያይም ነበር፣ ትክክልም ነበር። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር። ከአያት የወረደች ማርትሬዛ ሮም የተመታች ልትሆን ትችላለች፣ የልጅ ልጁ ግን «ከ1780 ጀምሮ በቤታችን ያለች» እያለ ያቆያታል። አብዛኛዎቹ ዛሬ የሚሸጡት ከያዙት ብር ዋጋ ብዙም ሳይርቁ ነው።

የምኒልክ ብር ሌላ ታሪክ አለው። ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ፓሪስ የተመታው ይህ ብር፣ በአንድ ፊት የንጉሠ ነገሥቱ ራስ፣ በሌላው አንበሳ ያለበት፣ ክብደቱም ንጽሕናውም ከማርትሬዛ ጋር እኩል እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነበር። የገጠሩ ገበያ ግን ለረጅም ጊዜ እቴጌዋን ይመርጥ ነበር። የምኒልኩ ብር ብዙው ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆነ፤ የተረፈውም ብዙ ጊዜ አናቱ ላይ ማንጠልጠያ ተበይዶበት አንገት ላይ የዋለ ነው። ጌጥነቱ ያምራል፤ ሰብሳቢ ግን ማንጠልጠያውን ሲያይ ዋጋውን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ብየዳው ቢነሣ እንኳ ጠባሳው ይቀራልና። ያልተነካው፣ የአንበሳው ጋማ ፀጉር ለፀጉር የሚታየው ብር ነው ዋጋ የሚያወጣው። የምኒልክ ብር ከማርትሬዛ ይበልጥ የሚወደደው በዕድሜው አይደለም፤ በዕድሜ የሚበልጡት ማርትሬዛዎች አሉ። ጥቂት ስለተረፈ፣ ንጹሕ ሆኖ የተረፈው ደግሞ ከጥቂቱም ጥቂት ስለሆነ ነው።

ከነጻነት በኋላ የመጣው ገንዘብ ይፋ የሆነው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው፣ በአጋጣሚ ይሁን በዕቅድ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የልደት ቀን። የመዳብ ሳንቲሞቹና የብሩ ሽልንግ (ሃምሳ ሳንቲሙ) 1936 ይላሉ፤ ከዚያም ለብዙ ዓመታት እየተመቱ ሲወጡ 1936 ማለታቸውን አልተዉም። ስለዚህ በማስታወቂያ የሚፈለገው «የ1936 ሳንቲም» በሚሊዮን የሚቆጠር ነው፤ ብርቅ ሊሆን አይችልም። አንድ ለየት ያለ ነገር ግን አለ። መጀመሪያ የወጣው ስሙኒ (ሃያ አምስት ሳንቲም) ክብ ነበር፣ መጠኑም ከሽልንጉ ጋር ይቀራረባል። ብልጦች ስሙኒውን ነጭ ቀብተው በሽልንግ ዋጋ ያሳልፉት ጀመር። መንግሥት ክቡን ሰብስቦ በ1940ዎቹ ጠርዙ ሞገዳማ በሆነ ስሙኒ ተካው። ክቧ ስሙኒ ማጭበርበሪያ በመሆኗ ነው የጠፋችው፤ ለሰብሳቢ ይህ ዓይነት ታሪክ ከብረቱ ዋጋ በላይ ነው። ሽልንጉም ሁለት ዓይነት ነው፤ የመጀመሪያው ከሺህ 800 እጅ፣ የኋለኛው 700 እጅ ብር ያለበት። በዓይን አይለዩም።

ጮሌ ውስጥ አንድ ሻይ ቤት ያላቸው ሽማግሌ፣ ነገሩን ስጠይቃቸው ከጀርባ የወተት ዱቄት ጣሳ አወጡ። «ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ዋጋ አለው ይላሉ። አንተ ተምረሃል፣ እስቲ ንገረኝ» አሉና ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። አብዛኛው የ1969 ሳንቲም ነበር፦ በሬ ጠምዶ የሚያርሰው ገበሬ ያለበት አንድ ሳንቲም፣ ጠመንጃ የያዘው ወታደር ያለበት አምስት፣ አጋዘኑ፣ ሁለት ስሙኒዎች። ደርግ በጥቅምት 1969 ገንዘቡን ሲቀይር የወጡ ናቸው፤ ይህም ዓመት በተራው ቆመ፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት የተመቱት ሁሉ 1969 ይላሉ።

«አባባ፣ አንበሳውን ይዩት» አልኳቸው። ሁለት አሥር ሳንቲም ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። በአንደኛው የአንበሳው ራስ አነስ ይላል፣ በአገጩ ግራ በኩል ያሉት ሁለት ረጃጅም ፀጉሮች ወርደው ዓመቱን ሊነኩት ምንም አልቀራቸው። በሌላው ራሱ ገዘፍ ብሏል፣ የአገጩ ፀጉር ደግሞ እኩል ነው። ሳንቲሞቹ በብሪታንያና በበርሊን በተለያየ ጊዜ ስለተመቱ ነው ልዩነቱ የተፈጠረው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው፣ እንደገና አድርገው፣ ጣሳውን በሙሉ በጺም መለየት ጀመሩ። ከዚያ ልጃቸው ከተበላሸ ሬዲዮ የወጣ ማግኔት አመጣ፤ አንዳንዱን ሳበው፣ አንዳንዱን ተወው። በኋለኞቹ ዓመታት ከወጡት መካከል ውስጣቸው ብረት ሆኖ ላያቸው በናስ የተለበጠ አሉ። አንድ ጣሳ ሙሉ ተመሳሳይ የመሰለው ሳንቲም ለካ ቢያንስ አራት ክምር ሆነ። በገንዘብ ሲተመን ግን ያው አንድ ጣሳ ሳንቲም ነው፤ ይህንንም ነገርኳቸው፣ ደስ አላላቸውም።

ከጣሳው ስር አንድ ወርቅማ ዶላርም ነበረበት፣ አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው። «ይኼስ ወርቅ ነው?» ወርቅ የለበትም። ሳካጃዌያ የምትባለው የአሜሪካ ነባር ተወላጅ ልጅ ያለችበት ይህ ዶላር እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሲሆን፣ መዳብ ሆኖ ላዩ ማንጋኒዝ በተቀላቀለበት ናስ የተሸፈነ ነው። ከ2007 ጀምሮ የፕሬዚዳንቶች ምስል ያላቸው ዶላሮች ተከተሉ። አሜሪካ የወረቀት ዶላሩን ስላላስወገደች ግን ሳንቲሙን ማንም አልፈለገውም፤ በ2011 ከ1.4 ቢሊዮን በላይ የሚሆን የዶላር ሳንቲም በፌዴራል ባንኮች መጋዘን ተከማችቶ ስለነበር፣ መንግሥት በታኅሣሥ ወር ለገበያ ማስመታቱን አቁሞ ለሰብሳቢ ብቻ ማምረት ቀጠለ። ዲያስፖራው በስጦታ የሚልከው ይህ ዶላር በአሜሪካ ባንክ አንድ ዶላር ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ልዩ የሆነው 5,500 ብቻ ነው፤ በ2000 በቁርስ እህል ካርቶን ውስጥ ለማስታወቂያ የተከተተው፣ የንስሩ ጅራት ላባ ከሌሎቹ ይልቅ በዝርዝር የተቀረጸበት። ሰው ልዩነቱን ያስተዋለው ከዓመታት በኋላ ነው፣ አሁን አንዱ በሺዎች ዶላር ይሸጣል። የኛ አንበሳ ጺም ይህን ዋጋ ያወጣል አልልም፤ በዚህ አገር በጺም ለይቶ የሚገዛ ሰው ገና ብዙ የለም።

እዚህ ላይ ከብዙ ሰብሳቢዎች ጋር የምለያይበት ነገር አለ። መንግሥት ሆን ብሎ ለሰብሳቢ የሚያስመታው ሳንቲም ብዙም አይማርከኝም። ደርግ ራሱ አስመትቷል፤ የ1969 ሳንቲሞች እንደ መስታወት የሚያበሩ ሆነው በአሜሪካው ፍራንክሊን ሚንት ተሠርተው በስብስብ ተሸጠዋል። ኢምፔሪያሊዝም ይውደም እየተባለ በሚፎከርበት ዘመን የአብዮቱ ወታደር ፔንሲልቫንያ ውስጥ ተወለወለ ማለት ነው። በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ለዱር እንስሳት ጥበቃ በሚል ከብር የተሠራ ባለ 25 ብር ሳንቲም ወጣ፤ ያለበትም ያው የኛ የደጋ አጋዘን ነው። ጮሌ ውስጥ ማንም አልያዘውም፣ ሽንኩርት አልተገዛበትም፣ ከውጭ አገር ካታሎግ ተገዝቶ በሣጥን የተቀመጠ ነው። ሁለቱ አጋዘኖች ጎን ለጎን ቢቀርቡልኝ፣ ከእጅ እጅ ሲዘዋወር ቀንዱ የተላገውን አሥር ሳንቲም አነሣለሁ። በጨረታ ላይ ግን የብሩ አጋዘን ያሸንፋል፣ ይህንንም መካድ አያስፈልግም።

ስለ ባለ አንድ ብሩ ሳንቲም ጥቂት ልበል። በላዩ 2002 ይላል፣ ሁለት ቀለም ያለው፣ በአንድ ፊት አንበሳ በሌላው ሚዛን ያለበት። አሜሪካ ያላደረገችውን ኢትዮጵያ አደረገችው፤ የወረቀቱ አንድ ብር ቀስ በቀስ ከገበያ ስለወጣ ሳንቲሙ ያለ ተቀናቃኝ ቀረ። አሁን በእያንዳንዱ ባጃጅ ውስጥ አለ። በዚህም ምክንያት ንጹሑን የሚያስቀምጥ የለም። እንደ ዕቅድ የሚሰበስብ ወጣት ቢጠይቀኝ የምመልስለት ይህንን ነው፦ ከባንክ የወጣ፣ ጠርዙ ያልተላገ፣ የሚዛኑ ገመድ የሚታይ አንድ ብር አግኝ፣ በወረቀት ጠቅልለህ አስቀምጥ፤ ወጪው አንድ ብር ብቻ ነው። ጭረት የበዛበትን ተወው። አሮጌ ካገኘህ ደግሞ በሎሚና በአመድ አታጥበው። እናቶቻችን ናስ የሚያነጹበት መንገድ ለድስት ጥሩ ነው፣ የሳንቲምን ገጽ ግን ይገፈዋል፤ ጠቆር ያለው የዘመን ሽፋን ከታጠበ በኋላ የሚመልሰው ነገር የለም።

መሸጥ የሚፈልግ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ወደ አዲስ አበባ ነው፣ ወደ ቸርችል ጎዳና የቅርስና የስጦታ ዕቃ ሱቆች። እዚያ አክሱም ነው ተብሎ ከሚቀርበው ትንሽ ሳንቲም መጠንቀቅ ይገባል። አክሱም ከንጉሥ እንዱቢስ ዘመን፣ ከሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንሥቶ ወርቅ ያስመታ እንደነበረ እውነት ነው፤ እውነተኛው ግን ከስጦታ ዕቃ መስኮት ላይ የሚገኝ አይደለም። ቢገኝም የግል ሸቀጥ ሳይሆን ቅርስ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ልጁ ከዋሺንግተን ሲመጣ የአያቱን የምኒልክ ብር ማስታወሻ አድርጎ ሊወስድ የሚፈልግ ቤተሰብ ይህንን ቀድሞ ቢያጣራ፣ ቦሌ ላይ ሻንጣ ተከፍቶ ከመጨቃጨቅ ይድናል።

ሽማግሌው በመጨረሻ ጣሳውን በስንት እንደምገዛቸው ጠየቁኝ። ሁለቱ ስሙኒዎች የ1969 ስለነበሩ፣ ክቧን የ1936 ስሙኒ ካገኙ እንዲጠሩኝ ነግሬያቸው፣ ለሻይ ከፍዬ ወጣሁ። መልስ የሰጡኝ በሁለት ከረሜላ ነው።