የመደብር የዱቤ ካርድና የሱቅ ደብተር

ዱቤ ለመምህር አዲስ ነገር አይደለም። ደመወዝ በወሩ መጨረሻ የሚመጣ፣ ዘይትና ዱቄት ግን በየቀኑ የሚፈለግ እስከ ሆነ ድረስ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ያለው ባለሱቅ የመምህሩን ስም በደብተሩ መያዙ የተለመደ ነው። አዲስ የሆነው ዱቤው ከደብተር ወጥቶ ወደ ካርድና ወደ ስልክ መግባቱ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን ስለ መደብር ካርድ ያወሩልናል፤ በአገራችንም ዛሬ ገዝቶ ነገ መክፈል በስልክ የሚፈጸም ጉዳይ ሆኗል። በማሠልጠኛ ተቋማችን ያሉ እጩ መምህራን "ታዲያ ይህ ካርድ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?" እያሉ ደጋግመው ይጠይቃሉ። ጥያቄው በአንድ ቃል የሚመለስ ስላልሆነ፣ ሒሳቡን ቁጭ ብሎ መሥራት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ የምናውቀውን ደብተር እንመልከት። በሱቅ ደብተር ወለድ የሚባል ነገር አይጻፍም። ይህ ማለት ግን ዱቤው በነጻ ነው ማለት አይደለም። ባለሱቁ ገንዘቡ በሰው እጅ ሳለ የተሸጠውን ዕቃ መተካት ስላለበት፣ እንደዚሁም ከደንበኞቹ መካከል ጥቂቶቹ እንደማይከፍሉት ስለሚያውቅ፣ ይህን ሁሉ በዋጋው ውስጥ ያስገባል። አንዳንዱ ለሁሉም ደንበኛ አንድ ዋጋ ይጠራል፤ በዚህ ጊዜ እጅ በእጅ የሚገዛው ሰው የባለዱቤውን ወጪ በከፊል ይሸከማል። ሌላው ደግሞ ሁለት ዋጋ አለው። ለምሳሌ ያህል፣ እጅ በእጅ 1,000 ብር የሚሸጥ ዘይት በዱቤ 1,050 ብር ቢሆንና መምህሩ ከ15 ቀን በኋላ ቢከፍል፣ ጭማሪው ለግማሽ ወር 5 በመቶ ነው። ይህም በወር 10፣ በዓመት 120 በመቶ መሆኑ ነው። ይህ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲሠራ እጩ መምህራኑ ቶሎ አያምኑም፤ 50 ብር ትንሽ ሆና ስለምትታያቸው ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በብድር ውል ላይ ተዋዋዮቹ የሚስማሙበት ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም አራጣን ያስቀጣል። የዱቤ ጭማሪ ግን "ዋጋ" እየተባለ ስለሚጠራ፣ በዚህ ሚዛን የሚመዝነው ሰው ብዙ አይታይም።

ደብተሩ ሌላም ክፍያ አለው። ከአንድ ሱቅ በዱቤ የሚወስድ ሰው ከሌላው ሱቅ ርካሽ ዕቃ ቢያይ እንኳ ጥሬ ገንዘብ ስለሌለው አይገዛም። ይኸውም የመምረጥ ነጻነቱን ለባለሱቁ አስይዟል ማለት ነው። በዚህ አንጻር ሲታይ ደግሞ ባለሱቁ ሰውን ያውቃል። ደመወዝ ቢዘገይ፣ ቤት ውስጥ ሰው ቢታመም፣ "እሺ፣ ለሚቀጥለው ወር ይሁን" ይላል እንጂ ቅጣት አይጨምርም። ይህን ማስታወስ ያሻል፤ ወደ ካርዱ ስንመጣ የሚጎድለው ይኸው ነው።

የመደብር ካርድ የተወለደው ከዚሁ ደብተር ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ ትልልቅ መደብሮች ለታመኑ ደንበኞቻቸው ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ የብረት ምልክት ይሰጡ ነበር። ሻጩ በቁጥሩ አማካይነት የደንበኛውን ሒሳብ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1950 ዳይነርስ ክለብ በብዙ ምግብ ቤቶች የሚያገለግል ካርድ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ በፍሬዝኖ ከተማ ላልጠየቁት 60,000 ያህል ሰዎች ካርድ በፖስታ ላከላቸው፤ ዛሬ ቪዛ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ሳይጠይቁ ካርድ የመላኩን ድፍረት ለአንባቢ ፍርድ እንተወዋለን።

ዛሬ በአሜሪካ የሚሰጠው የመደብር ካርድ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በዚያው መደብር ብቻ የሚያገለግል ነው። ሁለተኛው የመደብሩ ስም ቢኖርበትም የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ምልክት ስላለው በሌላም ቦታ ይሠራል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ቢኖር፣ አብዛኛውን ጊዜ አበዳሪው መደብሩ ራሱ ሳይሆን ከጀርባው ያለ ባንክ መሆኑ ነው። ለምሳሌ ሲንክሮኒ የሚባለው ባንክ የበርካታ መደብሮችን ካርድ ያወጣል። መደብሩ የሚፈልገው ደንበኛው ተመልሶ እንዲመጣና ከልኩ በላይ እንዲገዛ ነው። ባንኩ የሚፈልገው ደግሞ ወለዱን ነው። ሁለቱ ተባብረው ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ለቆመው ሰው "ካርዳችንን አሁኑኑ ቢያወጡ ከዛሬው ግዢ 15 በመቶ እንቀንስልዎታለን" ይሉታል።

እንግዲህ ሒሳቡ እዚህ ላይ ይጀምራል። ዋጋው 600 ዶላር የሆነ ዕቃ እንውሰድ። 15 በመቶ ሲቀነስ 90 ዶላር ይተርፋል፣ ዕዳውም 510 ዶላር ይሆናል። ሰውየው የመጀመሪያው ሒሳብ ሲደርሰው በቀኑ ሙሉውን ከከፈለ ወለድ የለበትም፤ 90 ዶላሩ ንጹሕ ትርፍ ነው። ካርዱ ይጠቅማል የሚሉት ወገኖች የሚናገሩት ስለዚህ ሰው ነው፣ የሚናገሩትም እውነት ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ የመደብር ካርዶች በዓመት 30 በመቶና ከዚያ በላይ ወለድ ያስከፍላሉ፤ ይህም ከተራው የባንክ ካርድ ይበልጣል። 30 በመቶ በዓመት ማለት በወር 2.5 በመቶ ነው። ሰውየው በየወሩ 50 ዶላር ቢከፍል ዕዳው በ12ኛው ወር ያልቃል። በጠቅላላው የሚከፍለው 596 ዶላር ይሆናል፤ ከተቀነሰለት 90 ዶላር ውስጥ 86ቱ ለወለድ ሄዷል። በየወሩ 25 ዶላር ብቻ ቢከፍልስ? የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻውን 12 ዶላር ከ75 ሳንቲም ስለሆነ፣ ከከፈለው ውስጥ ዕዳውን የሚቀንሰው ግማሹ እንኳ አይሆንም። ለመጨረስ 29 ወር ይፈጅበታል፤ ጠቅላላ ክፍያውም 722 ዶላር ይደርሳል። 600 ዶላር የነበረውን ዕቃ "በቅናሽ" 722 ዶላር ገዛው ማለት ነው።

ከዚህ የሚብስ አንድ አሠራር አለ። የቤት ዕቃና የኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚሸጡ መደብሮች "ለ12 ወር ወለድ የለም" የሚል ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ግን "በ12 ወር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከተከፈለ" ይላል። ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በስውር ሲቆጠር ይቆያል። የ1,200 ዶላር ዕዳ ያለበት ሰው 1,150ውን ከፍሎ 50 ዶላር ቢቀረው፣ የዓመቱ ወለድ በሙሉ ተሰብስቦ ይጫንበታል፤ ለቀረችው 50 ዶላር ብቻ አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው ተታለልሁ ቢል አይፈረድበትም፤ ውሉን የፈረመው ግን ራሱ ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የካርድ ሕግ፣ ዝቅተኛውን ክፍያ ብቻ እየከፈሉ ዕዳው በስንት ጊዜ እንደሚያልቅ በየወሩ መግለጫ ላይ እንዲጻፍ አስገድዷል። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰውም የራሱን ገቢ ሳያሳይ ወይም አብሮት የሚፈርም ሰው ሳያቀርብ ካርድ እንዳይሰጠው ከልክሏል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን አዲስ ለገባ ስደተኛ ካርዱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በዋሽንግተን አካባቢ እንደሚኖሩት ወገኖቻችን ያለ፣ አሜሪካ ከገባ ገና ዓመት ያልሞላው ሰው የብድር ታሪክ የለውም። የብድር ታሪክ የሌለው ሰው ቤት ለመከራየትም መኪና በብድር ለመግዛትም ይቸገራል። የመደብር ካርድ ከሌሎች ይልቅ በቀላሉ ስለሚሰጥ፣ በወር አንዲት ትንሽ ነገር ገዝቶ በቀኑ መክፈል ታሪክ ማስጀመሪያ ይሆናል። በበኩሌ ከካርዱ ጥቅሞች ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ይመስለኛል። የጥቅሙ ቅድመ ሁኔታ ግን ሰውየው ካርዱን ሳያስፈልገው መያዙ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የመደብር ካርድ በአሜሪካው መልክ አልተስፋፋም። የመጣው በስልክ በኩል ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ካስጀመረ በኋላ፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር በመተባበር "ቴሌብር መላ" የተባለውን አነስተኛ ብድርና "ቴሌብር እንደኪሴ" የተባለውን፣ ዕቃ ሲገዙ የጎደለውን የሚሞላ አገልግሎት አቅርቧል። ዳሸን ባንክ ደግሞ "ዱቤ አለ" በሚል ስም ዕቃ ወስዶ በየወሩ የሚከፈልበትን አሠራር አምጥቷል። ስሙ ራሱ ከሱቅ ደብተር የተወሰደ መሆኑ ደስ ይላል። ከእነዚህ አገልግሎቶች ከአንዱ ለመጠቀም የሚያስብ መምህር የሚጠየቀውን ገንዘብ ስም ትቶ መጠኑን ይመልከት። ወለድም ተባለ የአገልግሎት ክፍያ፣ ከዕዳው ጋር አካፍሎ ለቀኑ ብዛት ማስላት አንድ ዓይነት ሥራ ነው። መክፈያው አንድ ወር በሆነ ብድር ላይ 5 በመቶ ክፍያ በዓመት 60 በመቶ ይሆናል። የመምህራን የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ባለበት ወረዳ፣ ከማኅበሩ የሚገኘውን ብድር በዚሁ ስሌት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይገባል።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ገንዘቡ ራሱ ዋጋውን ይዞ በሚቆይበት አገር የሚሠራ ሒሳብ ነው። ገንዘቡ ሲወድቅ ምን ይሆናል? ለዚህ ጥሩ ትምህርት የሚገኘው ከጎረቤታችን ከደቡብ ሱዳን ነው። በጁባ ኤምባሲዎችና ሆቴሎች ባሉበት በኮሎሎ ሠፈር የአክስቴ ልጅ ሱቅ አለው፤ ባለፈው ክረምት እርሱ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። የከተማው ንግድ በአብዛኛው በጥሬ ገንዘብ ነው። ዱቤ ግን አለ፣ ለዚያውም ብዙ። የደቡብ ሱዳን ፓውንድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ይፋው ተመን ሲለቀቅ፣ አንድ ዶላር ከ2.95 ወደ 18.5 ፓውንድ ገደማ በአንድ ጊዜ ዘለለ፤ በጥቁር ገበያ ግን ቀድሞም ወድቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በሱዳን ጦርነት ምክንያት ዋናው የነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧ ተበላሽቶ የመንግሥት ገቢ ሲቀንስ፣ ይፋው ተመን ራሱ ከ1,000 ፓውንድ በላይ ሆነ፤ መምህራንን ጨምሮ የመንግሥት ሠራተኞች ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ ቆዩ።

የአክስቴ ልጅ ደብተር ከእኛዎቹ በአንድ ነገር ይለያል። ገንዘብ አይጻፍበትም። "ዱቄት 2 ኪሎ፣ ዘይት 1 ሊትር" ተብሎ ዕቃው ብቻ ይጻፋል፤ ደንበኛው ሲከፍል በከፈለበት ቀን ዋጋ ይታሰባል። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ "ጋሼ፣ ገንዘብ የጻፍሁ እንደሆነ እርሱ ሲከፍለኝ በዚያ ገንዘብ ግማሹን ዕቃ እንኳ መልሼ አልገዛም" አለኝ። አነጋገሩ ትክክል ነው። 1,000 ፓውንድ አበድሮ ፓውንዱ በግማሽ ከወደቀ በኋላ 1,000 የተቀበለ ሰው ግማሽ ሀብቱን ሰጥቷል ማለት ነው። ነገር ግን ኪሳራው በዚህ አሠራር ጠፍቶ አልቀረም፤ ደመወዙ ወዳልተከፈለው መምህር ተዛውሯል። መምህሩ ከአምስት ወር በኋላ ደመወዝ ሲቀበል የሚያገኘው የጥንቱን ቁጥር ነው፣ የሚከፍለው ግን የዕለቱን ዋጋ ነው። በዚያው ሱቅ በዶላር የሚከፈለው የድርጅት ሠራተኛም ዱቤ ይወስዳል፤ እርሱ ግን አንዳች ነገር አይጎድልበትም። የአክስቴ ልጅ ይህን ስለሚያውቅ ለመምህራኑና ለነርሶቹ ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና ብቻ በዱቤ ይሰጣል። ለስላሳና ብስኩት እጅ በእጅ ነው። እንደ እርሱ አባባል ይህን የሚያደርገው ዕዳቸው ከአቅማቸው በላይ እንዳይሄድ ነው።

በእንዲህ ዓይነቱ ሁኔታ የመደብር ካርድ ቢኖር ምን ይጠቅም ነበር? የሚጠቅም አይመስለኝም። ባንኩ የወደቀውን ገንዘብ ለማካካስ እጅግ ከፍ ያለ ወለድ መጠየቁ የማይቀር ነው፤ ደመወዝ ሲዘገይም መሣሪያው ራሱ ቅጣት ጨምሮ ካርዱን ይዘጋዋል። አምስት ወር የሚታገሥ ካርድ የለም። በአንጻሩ ባለሱቁም እንደ ባንክ የሚደግፈው ካፒታል ስለሌለው፣ ከደንበኞቹ እኩሌታው ሳይከፍሉ ከከተማ ቢወጡ ሱቁን ይዘጋል፤ ያን ጊዜ የሚከፍሉትም ጭምር ዱቤ የሚሰጣቸው ያጣሉ።

ይህን ጉዳይ በሒሳብ ወይም በኢኮኖሚክስ ክፍለ ጊዜ ለማስተማር የሚፈልግ ባልደረባ ከላይ ያለውን የ510 ዶላር ዕዳ በሰንጠረዥ ማሠራት ይችላል። አራት ዓምድ ይበቃል፤ የወሩ መነሻ ዕዳ፣ ወለድ፣ ክፍያ፣ ቀሪ። ለተማሪዎቹ 25፣ 50 እና 100 ዶላር እየከፋፈሉ መስጠት ነው። ከዚያ ቀጥሎ በየሠፈራቸው ያለው ሱቅ የእጅ በእጅና የዱቤ ዋጋውን ጠይቀው እንዲመጡ ማዘዝ ይቻላል፤ የባለሱቁንም የደንበኞቹንም ስም እንዳይጽፉ አስቀድሞ መንገር አይዘንጋ። ለመምህሩ ለራሱ ደግሞ ሁለት ደብተር ይሻላል፤ አንዱ በባለሱቁ፣ አንዱ በደንበኛው ቤት። ሕፃን ልጅ ተልኮ በወሰደው ዕቃ ላይ የሚነሣው ክርክር አብዛኛው የሚመጣው ደብተሩ አንድ በመሆኑ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር በሌላ ማስረጃ እንደማይረጋገጥ ይደነግጋል። 500 ብር በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን የአንድ ሳምንት አስቤዛ እንኳ አይሸፍንም።